ኦርደር መመለስ ሪዝቅ መግፋት ነው?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 25 ነው። ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። ሲያቅተኝ እናቴ ዕቁቧን አውጥታ፣ የጎደለውን አጎቴ አበድሮኝ ሞተር ገዛሁ። ምግብ ዴሊቨሪ መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአጎቴ ዕዳ ገና አላለቀም።

ሥራው በአፕ ነው። ስልኬ ይጮሃል። ከየት ወደ የት እንደሆነና ስንት እንደሚከፈለኝ ያሳየኛል። ለመወሰን ግማሽ ደቂቃ አለኝ። መጀመሪያ ላይ የመጣውን ሁሉ እቀበል ነበር። ገራዶ ቢሉኝ ገራዶ። ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ባዶዬን ስመለስ ቤንዚኑም ጊዜውም ያልቅና የሚተርፈኝ የሻይ ይሆናል። ከዚያ መምረጥ ጀመርኩ። ሩቅ ሲሆን እመልሳለሁ። ምግብ የሚያዘገይ ቤት ሲሆን እመልሳለሁ። ማታ ጉም ሲወርድ እመልሳለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደብሮኝ ብቻ የመለስኩትም አለ።

ረመዳን ሲገባ ባሰብኝ። ኦርደር የሚጎርፈው ልክ መግሪብ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሾርባና ሳምቡሳ ይፈልጋል። እኔም ጾመኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ፣ አዛን ሲል የሰው በር ላይ መቆም ከበደኝ። በዚያ ሰዓት የሚመጣውን ሁሉ መመለስ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ግን ተቀበልኩ። ምግብ ቤቱ ስደርስ ገና አልተሠራም። ጠበቅሁ። አዛኑ ሲቃረብ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጎማ ተነፈሰብኝ» ብዬ ካንስል አደረግሁና ቤቴ ገባሁ። ቴምሩን እንዳነሳሁ ጓደኛዬ ደወለ። ኦርደሩ ለእሱ ደርሶት ነበር። ያዘዘችው ሆስፒታል ውስጥ ልጇን የምታስታምም እናት ናት። እሷም ጾመኛ። እሱ ሲደርስላት አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በውሃ ብቻ አፍጥራ ስትጠብቅ ነበር። ጓደኛዬ ክርስቲያን ነው። አልተቆጣኝም። «ጎማህ ተሠራ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። የገደለኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመቀበል ፐርሰንቴ 43 ሆኗል። ስልኬ ዝም ይላል። የጓደኛዬ ግን በላይ በላዩ ይጮሃል። ቅጣቱ የአፑ ይሁን የአላህ አልገባኝም። እናቴ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር «ልጄ፣ በሩን ያንኳኳ ሪዝቅ አይመለስም» ትለኛለች፤ አላህ የላከው ሲሳይ አይገፋም ማለቷ ነው። ጓደኛዬ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ግን ሞተሩ በዓመቱ አርጅቷል፣ እሱም ወገቤን ይላል። አሁን ሞተሩን ሸጬ የሰው ባጃጅ ይዤ ገቢ እያስገባሁ ብሠራ ይሻላል እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል? ሁሉን ልቀበል? እንደ በፊቱ ልምረጥ? ወይስ ጥዬው ልውጣ?

ሞተረኛው፣ ከደሴ»

ሞተረኛው ወንድሜ፣ አበሽር!

እኔ የምኖረው ከሐረጎ በታች፣ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ስወጣ ሹራብ ሳልይዝ አልወጣም። እናንተ ማታ ማታ በዚያ ብርድ፣ ከጦሳ በሚወርደው ጉም ውስጥ ቦርሳ አዝላችሁ ስትመላለሱ ባየሁ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ስለዚህ ጉም ሲወርድ እመልሳለሁ ያልከኝን ሳነብ ልከራከርህ አልቃጣኝም። ከኦርደር ሕይወት ይበልጣል። እሱን እዚሁ እንዝጋው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፐርሰንት የጻፍከው ጥቂት ነው። ስለዚያች እናት የጻፍከው ግን ሰዓቱ ሳይቀር ተቆጥሮ ተቀምጧል። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ኦርደር መመለስና ተቀብሎ መጣል አንድ አይደሉም። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ ተሸክመሃቸዋል፣ ለዚህ ነው የከበደህ። ስልኩ ሲጮህ «አይ» ስትል ምግቡ ገና እሳት ላይ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ አልተጀመረም። ጥያቄው ወደ ሌላ ሞተረኛ ይሄዳል። የሚጎዳ ሰው ቢኖርም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ተቀብለህ ከጣልከው ግን አንድ ሰው አንተን አምኖ ተቀምጧል። አሜሪካ ውስጥ ዶርዳሽ የሚባለው ትልቅ የምግብ ማድረሻ ድርጅት ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚቆጥራቸው። የቀረበልህን አለመቀበል ብቻውን ከሥራ አያስወጣህም። የተቀበልከውን ሳታደርስ መቅረት ግን ሲደጋገም ያስወጣል። ለፈረንጅ ድርጅት ምስጋና ማብዛት አልወድም፣ ይኼንን ግን በትክክል ለይተውታል።

ስለዚህ በጉም፣ በርቀት፣ በድካም የመለስካቸውን ሁሉ ከዚያች ምሽት ጋር አትደምራቸው። የዚያች ምሽት ጥፋት አንድ ነው። እሱም ቢሆን መራብህ አይደለም። ጾመኛ ሰው በአዛን ሰዓት ቤቱን ቢናፍቅ ማን ይፈርድበታል? ጥፋቱ ጎማው ነው። ጎማው ደህና ነበር።

እስቲ ልጠይቅህ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ሰዓትህን ስታይ፣ ለጓደኛህ ደውለህ «አዛን ሊደርስብኝ ነው፣ ይኼን ያዝልኝ» ብትለው ምን ይልህ ነበር? አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አላውቀውም። ግን ያንን ኦርደር ያለምንም ልመና የወሰደ፣ ኋላም ሳይቆጣህ ስለ ጎማህ የጠየቀ ልጅ «እምቢ» የሚል አልመሰለኝም። ለምን አልደወልክለትም? ስለማታምነው ነው? ወይስ ችግር መናገር የሰነፍ ምልክት መስሎህ? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ።

ያቺን እናት ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት እያልክ ከሆነ፣ ተው። ስልኳን ከአፑ አውጥቶ መደወል ነውርም ነው፣ ያስፈራታልም። ልጇን ይዛ ወጥታ ይሆናል፤ አላህ ያሽርላት። ይልቅ ለጓደኛህ እውነቱን ንገረው። «የዚያን ቀን ጎማው ምንም አልሆነም ነበር» በለው። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ሻይ እየጠጣችሁ በለው። እኔ እንደምገምተው እሱም ጠርጥሯል። ከነገርከው በኋላ ስልክህ ቢጮህም ባይጮህም የምትተኛ ይመስለኛል።

ደግሞ ይኼ የሐሰት ምክንያት ሌላ ጣጣ አለው። ቢሮ ያሉት ሰዎች የሚያዩት የጻፍከውን ብቻ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስቴ «ጎማ» ካልክ፣ የእነሱ መዝገብ «የዚህ ልጅ ሞተር አሮጌ ነው» ይላል። «መግሪብ» ብትል ግን አንድ ነገር ይማሩ ነበር። ሞተረኞች በሙሉ «ጎማ»፣ «ስልክ ጠፋብኝ»፣ «ቤንዚን አለቀ» እያሉ ከጻፉ፣ ደሴ ውስጥ በረመዳን ማታ ማታ የሞተረኛ እጥረት ለምን እንደሚፈጠር ማን ያውቃል? እውነተኛውን ምክንያት ደብቃችሁ ችግሩ እንዳይፈታ የምታደርጉት ራሳችሁ ናችሁ። ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅር በለኝ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 43 ስትል ከምን ውስጥ 43? ይኼን ጠይቀህ ታውቃለህ? የማትጠይቅ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው አይጠይቅም። ዶርዳሽ ላይ ፐርሰንቱ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 100 ጥያቄዎች ነው። አዲስ አንድ ሲገባ የድሮው አንድ ከኋላ ይወጣል። ለዓመታት «ቶፕ ዳሸር» የሚባለውን ደረጃ ለማግኘት ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ቢያንስ 70 ከመቶ መቀበል ይጠይቁ ነበር። ያንን ያገኘ አድራሽ በፈለገው ሰዓት ሥራ መጀመር ይችል ነበር፤ ያላገኘው ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። አየህ፣ «መመለስ መብትህ ነው» ይሉሃል፣ መብቱን ስትጠቀም ግን ጥሩ ጥሩው ለሌላው ይሄዳል። የስልክህ ዝምታ ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የአንተም አፕ ከ100 የሚቆጥር ከሆነ ሒሳቡን እንየው። ከነገ ጀምሮ የመጡልህን 20 ኦርደሮች በሙሉ ተቀበልክ እንበል። ከኋላ የሚወጡት 20ዎቹ የመለስካቸው ከሆኑ 63 ትደርሳለህ። የሚወጡት የተቀበልካቸው ከሆኑ ግን እዚያው 43 ላይ ትቆማለህ። 20 ተቀብለህ አንድም አትንቀሳቀስም ማለት ነው! አንተ መጀመሪያ ሁሉን ትቀበል የነበርክ ሰው ስለሆንክ ይኼ ሊደርስብህ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ካልተነሳ «ተረግሜያለሁ» ብለህ እንዳትተወው ነው አስቀድሜ የምነግርህ። በሳምንት የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ጠዋት አዲስ ሰው ነህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቢሮ ሂድ። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፣ ግን ቢሮው የት እንደሆነ የማታውቅባት ከተማ አይደለችም። ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለ ሞተረኛ የሚያናግረው ማሽን ነው። አንተ ፒያሳ ሄደህ የምታናግረው ሰው አለህ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ፐርሰንቱ ከስንት ኦርደር እንደሚሰላ ጠይቅ። ሳትነካው ጮሆ ያለፈው እንደተመለሰ ይቆጠር እንደሆነም ጠይቅ። ኦፍላይን ስትወጣስ ይነካብሃል? ይኼኛው ከሁሉም ይበልጣል። ኦፍላይን መውጣት የማይቆጠር ከሆነ እስከዛሬ በመግሪብ የመለስካቸው በሙሉ ያለ ምክንያት ነው የጎዱህ። አዛን ሊል 30 ደቂቃ ሲቀረው ብትወጣ፣ አፍጥረህ ሰግደህ ብትመለስ፣ አንድም «አይ» አይጻፍብህም ነበር። የዶርዳሽ አድራሾች ሥራቸውን ሳይዘጉ እስከ 35 ደቂቃ የሚያቆሙበት ቁልፍ አላቸው። ያንተ አፕ ላይ ከሌለ እንዲጨመር ጠይቅ። ሾርባ ጠጥቶ ለመስገድ 35 ደቂቃ ትበቃለች፣ አይደል?

ቁጥር ምክንያት አያውቅም። ይኼ ያንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ በሚባል ከተማ አንድ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ዴሊቨሩ በሚባለው ድርጅት ላይ ፈርዷል። ሥርዓቱ ሞተረኞችን በታማኝነት ነጥብ ይደረድራቸው ነበር። የተመዘገቡበትን ፈረቃ በጊዜ ሳይሰርዙ ከቀሩ ነጥባቸው ይወርዳል። ታመው ይሁን፣ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ሆነው ይሁን አይጠይቅም። ሁሉንም እኩል ነበር የሚቀጣው። ፍርድ ቤቱ ይኼ አድልዎ ነው አለ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኡበር ታክሲ ሾፌሮችን ጉዳይ ሲያይ፣ ድርጅቱ ሾፌሮቹ ስንት ጥሪ እንደመለሱ እየቆጠረ ማስጠንቀቁን፣ ሲያበዙም ለጥቂት ጊዜ ከአፑ ማስወጣቱን አንስቷል። «ነፃ ሰዎች ናቸው» የሚለው የድርጅቱ ክርክር ካልቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነበር።

ክሰስ እያልኩህ አይደለም። የአጎትህን ዕዳ ሳትከፍል ጠበቃ ጋ ምን ያደርስሃል! ግን የፈረምከውን ውል አውጥተህ አንብበው። «አጋር» ይልሃል ወይስ «ሠራተኛ»? የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው በአሠሪው መሪነት ለደመወዝ የሚሠራን ሰው ነው። አጋር ከሆንክ የመመለስ ነፃነትህ የምር መሆን አለበት። ሠራተኛ ከሆንክ ደግሞ የበዓልም የዕረፍትም ወግ አለህ። ሁለቱንም ነፍገው «አጋራችን» ቢሉህ፣ ቢያንስ በጨዋ ቋንቋ የምትጠይቀው ነገር አለህ ማለት ነው።

አሁን ስለ ገራዶ። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ግማሽ እስማማለሁ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ አንተ በራስህ ቀይራቸው። የገራዶው 120 ብር ይከፍላል እንበል። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ቤንዚኑ 40 ብር። 80 ብር ቀረህ። በዚያው ሰዓት ከተማ ውስጥ፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ሸዋ በር እያልክ 60 60 ብር የሚከፍሉ ሦስት ኦርደሮች ብትሠራ፣ ለእያንዳንዱ 10 ብር ቤንዚን ቢወጣ 150 ብር ይቀርሃል። ምሳ ሰዓት ላይ ገራዶን መመለስህ ትክክል ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ? ከተማው ሲያንቀላፋ በሰዓት አንድ የ60 ብር ኦርደር ብቻ ነው የሚመጣው። 50 ብር ትይዛለህ። ያኔ ገራዶ ይሻላል። ያው መንገድ ነው፣ ያው ዳገት ነው። ሰዓቱ ነው የለወጠው። አንተ ግን እንደጻፍክልኝ ገራዶን በመንገዱ ነው የምትመልሰው። እስቲ ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዝ። ሰዓቱን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ክፍያውን፣ ምግብ ቤት ደጃፍ የቆምክበትን ደቂቃ ጻፍ። ስትመልስም ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፍ፤ «ሩቅ»፣ «ጉም»፣ «ሰላት»፣ «ደበረኝ»። ደብተሩን የምታነበው አንተ ብቻ ስለሆንክ «ደበረኝ»ን አትደብቃት። በሳምንቱ መጨረሻ «ደበረኝ» የሚለውን ብቻ ብታጠፋ ፐርሰንትህ ስንት እንደሚሆን አስላው። የዘይቱን፣ የጎማውንና የካቴናውንም ወጪ እዚያው አስፍር፤ ሞተረኛ ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ምግብ የሚያዘገየውን ቤት በተመለከተ፣ ደብተርህ ላይ አምስት ጊዜ «25 ደቂቃ ቆምኩ» የሚል ካለ ለቢሮው አሳየው። «ያ ቤት ያስቸግራል» ከማለት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤህ ውስጥ አጣሁ። ኦርደር ስትጠብቅ የት ነው የምትቆመው? ብዙዎቹ አፖች ለምግብ ቤቱ ቅርብ ያለውን ሰው ያስቀድማሉ። ከዚያች ምሽት ወዲህ ሰው ዓይን ማየት ከብዶህ ቤት ሆነህ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ጓደኛህ ደግሞ ፒያሳ ምግብ ቤቶቹ መሀል የሚውል ከሆነ፣ የእሱ ስልክ ቢጮህ ምን ይገርማል? ከረመዳን በኋላ ደግሞ የማታው ገበያ ይቀዘቅዛል። ዝምታውን ሁሉ ለቅጣት አትስጠው።

አሜሪካ ያሉ የዶርዳሽ አድራሾች አንድ ጊዜ ተስማምተው ከ7 ዶላር በታች የሆነውን ሁሉ እንመልስ ብለው ነበር። ሐሳባቸው፣ ሁላችን ከመለስን ድርጅቱ ክፍያውን ለመጨመር ይገደዳል ነው። የተቃወሟቸውም ነበሩ፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው 5 ዶላሩንም ይፈልጋታል። ደሴ ላይ ይኼን አልመክርህም። ኦርደሩ ገና ጥቂት ነው። ምግብ ቤቶቹ ቢሰለቹ በራሳቸው ልጅ፣ በእግርም ቢሆን ይልካሉ። ግን እናንተ ከእነሱ የምትበልጡበት ነገር አለ። ትተዋወቃላችሁ። ሞተረኛው በሙሉ አንድ ሻይ ቤት አይበቃውም?

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። ስቅለት እየመጣ ነው። ጓደኛህ የዚያን ቀን ስግደት ላይ መዋል ይፈልግ ይሆናል፣ ግን ፐርሰንቱን ፈርቶ ስልኩን ከፍቶ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማል። ሂድና «ስቅለት ያንተን እኔ እይዛለሁ፣ የፋሲካንም ጠዋት» በለው። በመጪው ረመዳን መግሪብን እሱና ሌሎቹ ይይዙላችኋል። ወሎ ውስጥ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤት በጎረቤቱ በዓል ድንኳን ይተክላል፣ ከብት ይጠብቃል፣ እንግዳ ያስተናግዳል። ይኼንኑ ሞተር ላይ ማውጣት ብቻ ነው። ተስማምታችሁ የስም ዝርዝር ይዛችሁ ቢሮ ብትሄዱ፣ ድርጅቱም ይጠቅመዋል፤ የመግሪብ ሾርባ በሰዓቱ ይደርስለታል። «በእነዚህ ሰዓታት ኦፍላይን የወጣ አይነካበት» ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኝም።

ጓደኛህ ሁሉን ይቀበላል ብለህ የምትቀናበት ይመስላል። ትንሽ ብትቀና አልፈርድብህም። ግን ወገቤን የሚል ልጅ ነው። ማንም «ዛሬ በቃህ» ስለማይለው እሱም ብዙ እየከፈለ ነው። ምናልባት አንተ መመለስን እሱ ላይ፣ እሱ መቀበልን አንተ ላይ ትንሽ ትንሽ ብታካፍሉ ጥሩ ነበር።

ስለ ባጃጁ ብዙ አልልም። የሰው ባጃጅ ስትይዝ የቀን ገቢው ሰው ቢኖርም ባይኖርም ማታ ይጠበቅብሃል። ያኔ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ግን የራስህ ነው። ዕዳ እያለብህ፣ ተናደህ፣ በዝምታ ሳምንት የሚሸጥ ሞተር ዋጋ አያወጣም። ደብተሩን ሳምንት ሳይሆን አንድ ወር ያዝ። ከዚያ የባጃጅ ሹፌር የሆነ ሰው አግኝተህ ገቢውን አስገብቶ፣ በልቶ፣ የሚተርፈውን ጠይቀውና ከደብተርህ ጋር አስተያየው። ያኔም ባጃጅ ከተሻለ ባጃጅ ይሁን፤ ማንም አይከፋም።

እናትህ ቀረችን። «በሩን ያንኳኳ ሪዝቅ አይመለስም» የምትልህ እናት፣ ዕቁቧን ለአንተ ያወጣች ሴት ናት። አንተ ኦርደር በመለስክ ቁጥር እሷ የምታየው ያንን ዕቁብ ነው። አልተሳሳተችም። ግን የገራዶን ዳገት አይታው አታውቅም። በጉም መውረዱንም፣ አዛን ሲል የሰው በር ላይ መቆሙንም አታውቅም። ነግረሃታል? ወይስ «እሺ እማዬ» ብለህ ትወጣለህ? የሚቀጥለው ቡና ላይ ደብተሩን ይዘህ ተቀመጥ። ይኼኛውን ስለዚህ መለስኩ፣ ይኼኛውን ስለዚህ ተቀበልኩ ብለህ አንብብላት። «ደበረኝ» ላይ ስትደርስ ትቆጣህ፣ መብቷ ነው። የጉሙ ላይ ስትደርስ ግን ራሷ «እሱንስ ተወው ልጄ» የምትልህ ይመስለኛል። የምትል እናት ባትሆን ኖሮ እንዲህ አትጨነቅላትም ነበር። ስለ ሆስፒታሏ እናትም ብትነግራት አይከፋም። ዱዓ ታደርግላታለች፣ ለአንተም።

ቢሮ ሄደህ የነገሩህን ጻፍልኝ። በተለይ ሳይነካ ጮሆ ያለፈ ኦርደር እንደተመለሰ ይቆጠር እንደሆነ። እዚሁ ኮምቦልቻም ይኼንኑ የጠየቁኝ ሁለት ልጆች አሉ፣ እነሱም መልሱን እየጠበቁ ነው።